መልስ፦ የአጎትዎ ደብዳቤዎች ለምን የቦታ ስም የላቸውም?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አጎትዎ ከ1980 እስከ 1982 ዓ.ም. ከኤርትራ ግንባር ወደ አቃቂ የላኳቸው ደብዳቤዎች ያሉበትን ቦታ ለምን እንደማይገልጹ ጠይቀዋል። የጦር ክፍል የሚገኝበት ስፍራ ምስጢር ስለሆነ ወታደር ይህን ለቤተሰቡ መጻፍ አይገባውም ነበር፤ እርስዎ ግን ቀኑን ይመልከቱ። መጋቢት 1980 የኤርትራዋ ከተማ አፋቤት፣ የካቲት 1982 ደግሞ የወደብ ከተማዋ ምጽዋ ከመንግሥት ጦር እጅ የወጡበት ጊዜ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የተጻፉትን ቢያነጻጽሩ ብዙ ይረዳሉ።

«ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የሚለውን የተለመደ ሰላምታ እባክዎ እንደ ባዶ ቃል አይለፉት። እናቴ ማንበብ ስለማትችል፣ እዚሁ አቃቂ የወንድሜን ደብዳቤ ሳነብላት ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ ታስደግመኝ ነበር።

ፖስታዎቹንም አይጣሉ፤ ያኔ ደብዳቤ ቤት ለቤት ይታደል ስላልነበረ የተጻፈው የፖስታ ሣጥን ቁጥር የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁት።