መብራት ሲመለስ ጌትዌዩ የት ይገባል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ ትንሽ የውኃ ምርመራ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ስፔክትሮፎቶሜትሩ (ናሙናው ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ የሚለካው)፣ የፒኤች መለኪያውና ሐይቁ ውስጥ የተከልነው የኦክስጅን መለኪያ በአንድ ጌትዌይ (የመሣሪያዎቹን ንባብ ወደ ኔትወርኩ በሚያሻግር ሳጥን) በኩል ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘዋል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ጌትዌዩን አያገኘውም። ሳጥኑ ስክሪን ላይ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይታያል። አንድ ባለሙያ «ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዙ» አለን። እንግዛ?
ታናሽ እህትዎ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ኧረ አትግዙ እህቴ! «ተቃጥሏል» ማለት ቀላል ነው። የተቃጠለ ዕቃ ግን ለራሱ አድራሻ አያወጣም። ጌትዌይሽ ሲነሳ ራውተሩን አድራሻ ይጠይቃል፤ ዲኤችሲፒ የሚሉት ይህንን ነው። መልስ ካጣ በ169.254 ከሚጀምሩት አንዱን ለራሱ ይሰጣል። መብራት ሲመጣ ሁለቱም አብረው ይነሳሉ፣ ራውተር ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ቆይቶ አድራሻ ቢሰጠው እንኳ የድሮው ላይሆን ይችላል። ሶፍትዌራችሁ ደግሞ የሚፈልገው የድሮውን ነው።

ስለዚህ ቋሚ አድራሻ ስጪው። መጀመሪያ ራውተሩ ውስጥ ገብተሽ ዲኤችሲፒው ከየት እስከ የት እንደሚያድል እዪ። ከ192.168.1.100 እስከ 200 ከሆነ፣ ለጌትዌዩ ከዚያ ውጭ፣ ለምሳሌ 192.168.1.50 ይሁንለት። አስቀድመሽ ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ ፒንግ አድርጊው፣ ማለትም «አለህ ወይ?» ብለሽ ጥሪ ላኪበት፤ መልስ ከመጣ ፕሪንተር ወይም ሌላ ነገር ይዞታል፣ ሌላ ምረጪ። ሰብኔት ማስኩ (የትኞቹ አድራሻዎች አንድ ኔትወርክ ውስጥ እንደሆኑ የሚለየው ቁጥር) ብዙውን ጊዜ 255.255.255.0 ነው፤ ለማንኛውም ከኮምፒውተሩ ላይ አይተሽ ያንኑ ጻፊ። «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለው ቦታ ላይ የሚገባው የራውተሩ አድራሻ ነው። የሳጥኑን የራሱን አድራሻ እዚያ የሚጽፍ ስንቱን አይቻለሁ!

«ሳጥኑ ካልተገኘ በየት ልግባ?» ትዪኛለሽ። የላፕቶፕሽን ዋይፋይ አጥፊና በኬብል በቀጥታ ከሳጥኑ ጋር አገናኚው። ለላፕቶፑ 169.254.10.10፣ ማስኩን 255.255.0.0 ስጪ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ብራውዘር ላይ ስትጽፊ የሳጥኑ ገጽ ይከፈታል። አስተካክለሽ ሴቭ በይ፣ አጥፍተሽ አስነሺው፣ ላፕቶፕሽንም ወደ ነበረበት መልሺ። አዲሱን አድራሻ ሶፍትዌሩ ውስጥም አስገቢ፤ የፖርት ቁጥሩን (ሶፍትዌሩ ወደ ሳጥኑ የሚገባበትን በር ቁጥር) አትንኪው። አድራሻውን ፕላስተር ላይ ጽፈሽ ሳጥኑ ላይ ለጥፊ።

ፒንጉ እየሠራ የሚመጣው ንባብ ትርጉም የሌለው ፊደል ከሆነ ኔትወርኩን ተዪው። ያኔ ችግሩ በመሣሪያው በኩል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባውድ ሬቱ (መረጃ የሚላክበት ፍጥነት) አልገጠመም ማለት ነው። መሣሪያው 9600 ከሆነ ጌትዌዩም 9600 ይሁን። ፓሪቲውም (ስሕተት መፈተሻው ቅንብር) እንደዚያው።

ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰዓቱን እዪው። የእኛን አገር ጠዋት 2፡30 እንዳለ 2፡30 ብሎ የሞላ ሰው ካለ፣ መሣሪያው የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ የሚመዘግበው ከሌሊቱ 8፡30 ብሎ ነው። ለእናንተ ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አልጌው ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ደግሞ እየተነፈሰ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የሐይቅ ኦክስጅን ሊነጋጋ ሲል ይወርዳል፣ ከሰዓት ይወጣል፤ ፒኤቹም ይከተለዋል። ሰዓቱ በ6 ከተዛባ እምቦጭ የሸፈነውን ዳርቻ ከጠራው ውኃ ጋር ስታወዳድሩ ጉድ ይፈላል። የሰዓት ቀጠናውን ዩቲሲ+3 (የኢትዮጵያ ቀጠና) አድርጊ፤ ኢንተርኔት ካላችሁ ኤንቲፒውን ክፈቺው፣ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል።

ፋብሪካው የሰጠውን የይለፍ ቃልም ቀይሪ። ከቤት ሆኜ ልየው ብለሽ ደግሞ ራውተሩ ላይ ፖርት እንዳትከፍቺ፤ ለአንቺ የተከፈተ በር ለሌላውም ክፍት ነው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ካላችሁ ራውተሩንም ጌትዌዩንም እሱ ላይ ሰኩ። ኮምፒውተሩን ብቻ ዩፒኤስ ላይ ሰክተው ራውተሩን ግድግዳ ላይ የሚተዉ ቢሮዎች ሞልተዋል።