ስለ ምግብ ልማር መጥቼ ሴል ምን አገባኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው እህቴ? የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ዘንድሮ ጤና ኮሌጅ ገብቼ መግቢያ ባዮሎጂና ሥነ ምግብ አንድ ላይ እየወሰድኩ ነው። ሥነ ምግቡን ወድጄዋለሁ። ባዮሎጂው ግን ሜምብሬን፣ ኦስሞሲስ፣ አክቲቭ ትራንስፖርት እያለ ራሴን አዞረው። ሀንዳውቱን ሸምድጄ ሚድ ተፈተንኩ፣ በሳምንቱ ሁሉም ከጭንቅላቴ ጠፋ። ስለ ምግብ ልማር መጥቼ ሴል ምን ያደርግልኛል? ደግሞ መምህራችን ምሳ እንደበሉ ሻይ መጠጣት ብረት ያስቀራል አለን። ቤት ሄጄ ስናገር ወንድሜ ሳቀብኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ራስሽን ያዞረው ሽምደዳው ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ የኦስሞሲስን ትርጉም በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት እደግመው ነበር፤ ምን ማለት ነው ብትዪኝ ግን ጭጭ።

እስቲ ሀንዳውቱን አስቀምጪና ለምለምን አስቢ። ያቺ ተቅማጥ ሲይዝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የምትበጠበጠው የኦአርኤስ ዱቄት። ውስጧ በዋናነት ጨውና ግሉኮስ ነው ያለው። ስኳሩ ለምን ገባ? ለማጣፈጫ የሚመስለው ብዙ ነው፣ አይደለም። የአንጀት ሴል ሜምብሬን (ሴሉን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን) ላይ እንደ በር የሚያገለግል ፕሮቲን አለ። ይህ በር ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም ብቻውን አያስገባም፣ ግሉኮስንም ብቻውን አያስገባም፤ ተያይዘው ሲመጡ ነው የሚከፍትላቸው። እነሱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ኦስሞሲስ ያልሽው ይሄ መከተሉ ነው። ኮሌራ እንኳ የያዘው ሰው አንጀት ላይ ይህ በር መሥራቱን አያቆምም፣ ለዚህ ነው በአንዲት ፓኬት ዱቄት ሰው የሚተርፈው።

አሁን ደግሞ "ትንሽ ይጣፍጥለት" ብላ ስኳር የምትጨምርበትን እናት አስቢ። አንጀት ውስጥ የበዛው ስኳር ውሃውን ከሰውነት ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ተቅማጡም ይብሳል። ያው ኦስሞሲስ ነው፣ አቅጣጫው ዞሮ። በድሬ ሙቀት ይህ ቀልድ አይደለም። ሜምብሬን ያልገባው ባለሙያ "አይጨመርም" ብሎ ይሸኛታል፣ እሷም ቤቷ ገብታ ትጨምራለች። አንቺ ግን ምክንያቱን ትነግሪያታለሽ።

ወደ ሻዩ ስመጣ፣ መምህርሽ ልክ ነው። ጤፍ፣ ምስርና ሽሮ ውስጥ ያለው ብረት ሥጋ ውስጥ እንዳለው በቀላሉ አይመጠጥም። ሻይ ውስጥ ያሉት እንደ ታኒን ያሉ ነገሮች ደግሞ ይይዙትና ብዙው ሳይመጠጥ ያልፋል። ቡናም ያው ነው። ሻይ ተዉ አላልኩም (በሐረርጌ ምድር ሻይ ተዉ ብሎ ማን በሰላም ቤቱ ይገባል)፣ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት ነው። ከምሳው ጋር ዘይቱን ብሉ። ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዛል፤ ሰው ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን ይላል እንጂ በቫይታሚን ሲ ዘይቱን በጣም ይበልጠዋል። የአሜሪካ መመሪያ ከ19 እስከ 50 ዓመት ላለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል ሲል ለወንድ 8 ይበቃዋል ይላል። ልዩነቱ በዋናነት በወር አበባ የሚሄደው ደም ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ቢስቅ አይገርምም፣ ጉዳዩ ከእሱ ይልቅ የአንቺ ነው።

ለፋይናል ደግሞ ይቺን ሞክሪ። ዛሬ ማታ ቲማቲም ከትፈሽ ጨው ነስንሺበትና ሩብ ሰዓት ቆይተሽ ሳህኑን እዪው። ያ ሁሉ ውሃ ከየት እንደመጣ ለእናትሽ በአማርኛ አስረጃት። እሷ ከገባት የእንግሊዝኛው ስም አያስቸግርሽም። ቲማቲሙን አትድፊው፣ ቃሪያና ሽንኩርት ጨምሪበትና ለእራት ይሆናል።