ማታ ፒዛ በላሁ፣ ስኳሬ ጠዋት ለምን ወጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 52 ነው። ቺካጎ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ዓይነት 2 ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ 6 ዓመት ሆኖኛል፤ የምወስደው ሜትፎርሚን ብቻ ነው። ባለፈው ወር የልጄን ልደት ለማክበር መሀል ከተማ ካሉት የድሮ ዲፕ ዲሽ ፒዛ ቤቶች ወደ አንዱ ሄድን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሁለት ቁራጭ በላሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 148 ሆነ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሌሊት ቃር ቀሰቀሰኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስለካ 212! መለኪያዬ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ፒዛውን ጭራሽ ልተወው?

መልስ፦ በቅድሚያ ልጅዎን ያሳድግልዎ። መለኪያዎ የተበላሸ አይመስለኝም። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ያሳሳትዎ የለኩበት ሰዓት ነው።

ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይተን እንድንለካ ተነግሮናል። ለአብዛኛው ምግብ ጥሩ ልማድ ነው። ዲፕ ዲሽ ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ሊጡ ጠርዙ ከፍ ባለ ክብ የብረት መጋገሪያ ውስጥ ይዘረጋና በጠርዙ በኩል ወደ ላይ ይሳባል። ቺዙ የሚነጠፈው ከታች ነው። ሥጋው ወይም አትክልቱ በላዩ ይሆናል፤ ከሁሉም በላይ የቲማቲም ስጎው ይፈሳል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለሚጋገር ቺዙ ላይ ቢሆን ያርር ነበር። ሊጡ ራሱ ዘይት ወይም ቅቤ አለበት። ስለዚህ በአንድ ቁራጭ ብዙ ዱቄትና ብዙ ቅባት አብረው ይገባሉ።

ቅባት ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል። ዱቄቱ ወደ አንጀት የሚወርደው ትንሽ በትንሹ ነው። በዚያ ላይ ቅባቱ ኢንሱሊን ለሰዓታት በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 148 ሲያዩ ዋናው ስኳር ገና ወደ ደም አልገባም ነበር። ከፍ የሚለው ከበሉ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይዘገያል። ይህ ነገር በስኳር ሕክምና ዘንድ በፒዛ ስም እስከ መጠራት ደርሷል። ንጋት ላይ ደግሞ ጉበት የራሱን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ሁለቱ ሲደራረቡ 212 ቢያዩ አይገርምም።

አንድ ያልጻፉልኝ ነገር አለ። ፒዛ ባልበሉባቸው ቀናት ጠዋት ስንት ነው? ለአብዛኛው አዋቂ ከቁርስ በፊት የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ነው። በተራ ቀንም 170 እና 180 የሚያዩ ከሆነ ጥፋቱን ፒዛው ላይ አንጫን። መድኃኒቱ አልበቃዎትም ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪምዎ ቶሎ ማወቅ አለባቸው።

ፒዛውን ጭራሽ ይተዉት አልልዎትም። የልጅዎ ከተማ ምግብ ነው። ዲፕ ዲሽ በ1943 እ.ኤ.አ. ኦሃዮና ዋባሽ ጎዳናዎች ጥግ ላይ ተጀመረ፤ አሠራሩን ማን እንደፈጠረው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በ1966 የተከፈተው ጂኖስ ኢስት ደግሞ ከመሥራቾቹ ሁለቱ እንደ እርስዎ ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። ልጅዎ ልደቱን እዚያ ማክበር ከፈለገ አብረውት ይቀመጡ። ግን ማታ ሳይሆን ምሳ ላይ ይሁን።

ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከበሉ፣ ከመብላትዎ በፊት አንዴ፣ ከዚያ በ8፣ በ10 እና በ12 ሰዓት ይለኩ። ነቅተው ሳሉ ስኳሩ የት እንደሚደርስ በዓይንዎ ያዩታል። ከምግብ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል በእግር መሄድም ስኳሩን ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፒዛው ሳይመጣ ነው። ዲፕ ዲሽ ካዘዙ በኋላ 45 ደቂቃ ሊያስጠብቅ ይችላል። ልጆቹ ርቧቸዋል። ዳቦ ይታዘዛል፣ ለስላሳው ይደጋገማል። ፒዛው ሲደርስ ስኳሩ ቀድሞ ገብቷል። እርስዎ ውኃና ሰላጣ ይዘዙ፤ ሰላጣውን ጨርሰው ወደ ፒዛው ይሂዱ። አትክልት ቀድሞ መብላት ስኳሩ በአንዴ እንዳይወጣ ይረዳል። ከዚያ አንድ ቁራጭ። የተረፈውን በካርቶን ያስጠቅልሉት፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ ነውር የለውም። ጾም ላልሆነበት ቀን ስፒናች ያለበት ጥሩ ምርጫ ነው። በነገራችን ላይ እዚያ ሶሴጅ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። ለማይበላ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች በአሜሪካ ሕግ ካሎሪውን ሜኑ ላይ መጻፍ አለባቸው። የካርቦሃይድሬቱንና የጨዉንም መጠን ከጠየቋቸው በጽሑፍ ይሰጡዎታል። አይፈሩ፣ ይጠይቁ። ደም ግፊት ካለብዎ በተለይ በጨው ውስጥ የሚገኘውን የሶዲየም ቁጥር ይዩ። የቀኑ ጣሪያ 2,300 ሚሊግራም ነው፤ ፒዛ ከዚያ ላይ ብዙ ይወስዳል።

ቃሩም ከዚያው ቅባት የመጣ ነው። ቅባት በጨጓራና በጉሮሮ ቧንቧ መካከል ያለውን መዝጊያ ያላላል። ሆድ ሞልቶ ሲተኙ አሲዱ ወደ ላይ ይመጣል፣ ቲማቲሙም ያባብሰዋል። ከበሉ በኋላ ቢያንስ 3 ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ። ነገር ግን እባክዎ ይህን ልብ ይበሉ፦ ደረትዎን የሚጨቁን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለው ስሜት ከመጣ ቃር ነው ብለው አይተኙ። ወዲያው 911 ይደውሉ። ስኳር ያለበት ሰው ከባድ ሕመም ሳይሰማውም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሊመጣበት ይችላል። ላብ፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ታክሲውን ራስዎ ነድተው ወደ ሆስፒታል አይሂዱ።

ኢንሱሊን የምትወስዱ ሌሎች አንባቢዎች፣ ለእናንተ ነገሩ ይለያል። ከምግብ በፊት የተወጋችሁት ፈጣን ኢንሱሊን ከፒዛው ስኳር ሊቀድም ይችላል። መጀመሪያ ስኳር ይወርዳል፣ ከሰዓታት በኋላ ይወጣል። መሪ ላይ ሳላችሁ ቢወርድ አደጋ ነው። መጠኑን በራሳችሁ አትቀይሩ፤ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

እርስዎ ደግሞ የሁለት ሳምንት የጠዋት ቁጥሮችዎን ከዚያች የምሳ ቀን ቁጥሮች ጋር በአንድ ወረቀት ጽፈው ለሐኪምዎ ይውሰዱ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የኤ ዋን ሲ ምርመራ በቅርብ ካላደረጉም በዚያው ቀን ያሠሩት።