በሰው መርከብ ለተሳፈራችሁ ወጣቶች

የምትወዱት ተከታታይ ድራማ መሃል ላይ ሲቋረጥ ቀጣዩን ክፍል ራሳችሁ መሥራት ያምራችኋል አይደል? እኔ ዕድሜዬን ካሜራና መብራት ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ተዉት ብዬ አልመክራችሁም። እንዲያውም ሞክሩት። ግን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ «ስታር ትሬክ» የሚባለው የጠፈር መርከብ ድራማ አድናቂዎች ምን እንደሠሩና ምን እንደደረሰባቸው ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስታር ትሬክ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረው በ1966 ነው። በየክፍሉ መግቢያ ላይ ካፒቴን ኪርክ ኢንተርፕራይዝ የተባለችው መርከቡ ተልዕኮዋ አምስት ዓመት ነው እያለ ይነግረናል። ጣቢያው ግን በ1969፣ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ዘጋው። 79 ክፍል ታየና አለቀ። ታዲያ የቀሩት ሁለት ዓመታት የት ገቡ? ተመልካቹ ይህን ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት ይዞት ኖረ።

መልሱን ራሳቸው ሊሠሩ ከተነሱት አንዱ ጄምስ ካውሊ የሚባል ሰው ነው። እንጀራው ኤልቪስ ፕሪስሊን መስሎ መዝፈን ነበር፤ እውነቴን ነው። ይህ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በኒውዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል የኢንተርፕራይዝን የውስጥ ክፍሎች በእንጨትና በቀለም መልሶ ገነባና በ2004 «ኒው ቮየጅስ» ብሎ የመጀመሪያውን ክፍል በኢንተርኔት ለቀቀ፤ ኪርክንም ራሱ ተጫወተው። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ትወናቸው ደረቅ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን አላቆሙም። በ2007 በለቀቁት ክፍል ላይ የመርከቧን መኮንን ሱሉን የተጫወተው በድሮው ድራማ ሱሉን የሠራው ጆርጅ ታኬይ ራሱ ነው። ሰውየው ዕድሜው ወደ 70 ደርሷል፤ ታዲያ ይህን ሽማግሌ እንዴት ወጣት መኮንን ያደርጉታል? አላደረጉትም። ሱሉ በአደጋ ሌላ ዓለም ውስጥ ገብቶ 30 ዓመት ኖሮ አርጅቶ ሲመለስ የሚያሳይ ታሪክ ጻፉለት። የተዋናዩ ሽበት ራሱ ታሪክ ሆነ። ያ ክፍል ሂዩጎ ለሚባለው የታወቀ የሳይንስ ልብወለድ ሽልማት ታጭቷል። ስክሪፕት የምትጽፉ ልጆች፣ ያላችሁን ነገር እንዲህ ነው የምትጠቀሙበት።

እኔን ይበልጥ የማረኩኝ ግን ከእነሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ሥራቸው «ስታር ትሬክ ኮንቲኒውስ» ይባላል፤ በጆርጂያ ግዛት ተቀርጾ ከ2013 እስከ 2017 ድረስ 11 ክፍል ወጣው። በዋናው ተከታታይ ላይ የመርከቧ ግድግዳ ግራጫ ነው። የካሜራ ባለሙያው ጄሪ ፊነርማን መብራቱ ላይ ባለቀለም ጄል (ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ) እየጋረደ ያንኑ ግድግዳ አንዴ ወይን ጠጅ፣ አንዴ አረንጓዴ ያደርገዋል። የኪርክ ቢጫ ሸሚዝ የምትሉትም ጨርቁ አረንጓዴ ነበር፤ መብራቱና ፊልሙ ናቸው ወርቃማ ያስመሰሉት። የጆርጂያዎቹ ሰዎች ይህን ሁሉ አጥንተዋል። ዛሬ ሁሉም ሰው ሰፊ ስክሪን ሲሠራ እነሱ የድሮውን ቴሌቪዥን አራት ማዕዘን አልለቀቁም። ጥላው የሚወድቅበት ቦታ እንኳ የድሮው ነው። እስቲ እናንተም የምትወዱትን አንድ ትዕይንት ምረጡና መብራቱ ከየት እንደመጣ እያያችሁ በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ደግማችሁ ለመቅረጽ ሞክሩ። አብሬያቸው የሠራሁ ጎበዝ የመብራት ልጆች ሁሉ እንዲህ እየኮረጁ ነው የተማሩት። እጅ ካልፈታ ትምህርት ቤት ብቻውን ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ክፉው ክፍል።

አሌክ ፒተርስ የሚባል ሰው «አክሳናር» የሚል የስታር ትሬክ አድናቂ ፊልም ሊሠራ ተነሳ። በ2014 የወጣው ማስተዋወቂያው፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም ነበር። ከደጋፊ መዋጮም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። የገባው ገንዘብ ስቱዲዮ ለማደራጀትም ጭምር ዋለ። እስከዚያ ድረስ የአድናቂዎቹን ሥራ አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ የነበረው የመብቱ ባለቤት ነቃ። የስታር ትሬክ ባለቤቶች ፓራማውንትና ሲቢኤስ በ2015 መጨረሻ ፍርድ ቤት ከሰሱት። ዳኛው በጥር 2017 «ነጻ አጠቃቀም» የሚባለውን፣ ማለትም የሰውን ሥራ ያለ ፈቃድ በተወሰነ መንገድ መጠቀም የሚፈቅደውን የቅጂ መብት ሕግ፣ መከላከያ ማድረግ አትችልም አሉት፤ በዚያው ወር ተስማምተው ክሱ ተዘጋ።

ነገሩ ግን በአንድ ሰው አላበቃም። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል። ክሱ ገና በሂደት ላይ ሳለ፣ በሰኔ 2016 ኩባንያዎቹ ለሁሉም አድናቂ መመሪያ አወጡ። አንድ ታሪክ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፤ ለሁለት ከተከፈለም በድምሩ 30 ደቂቃ። መዋጮ ከ50 ሺህ ዶላር አያልፍም። ሠሪዎቹ ክፍያ የማይቀበሉ አማተሮች ይሁኑ፣ ቀድሞ በስታር ትሬክ የሠራ ሰው አይግባበት። ማለትም የታኬይ ክፍል ዛሬ ቢሆን አይሠራም ነበር። እኔ ይህ መመሪያ በዝቷል ባይ ነኝ። አንድ ሰዓት የሚፈልግ ታሪክ በ15 ደቂቃ ሲታጨቅ ምን እንደሚመስል አርታዒ ይፍረደው። ቢሆንም ዕቃው የእነሱ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ለእንጨት፣ ለጨርቅ፣ ለምሳ የሚሆን መዋጮ አንድ ነገር ነው፤ በሰው ስም ራሳችሁን ማቋቋም ሌላ ነገር ነው። የመዋጮ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት ባለቤቱ መመሪያ ካለው አንብቡ፣ ከሌለው ጽፋችሁ ጠይቁ። ወጪውን በደረሰኝ ያዙ። «ዝም ብሎናል» ማለት ፈቃድ አይደለም፤ የአክሳናር ነገር ያሳየን ይህንኑ ነው።

ካውሊ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከሲቢኤስ ፈቃድ ወስዶ ያንን የገነባውን መርከብ በ2016 ታይኮንደሮጋ በምትባል ትንሽ ከተማ ለጎብኚ ከፈተው። ሰው ከፍሎ ይገባል፣ የካፒቴኑ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የድሮው ኪርክ፣ ዊልያም ሻትነር ራሱ እየሄደ አድናቂዎቹን አግኝቶበታል።

ሌላ ሰው ልጨምርላችሁ፣ ሮናልድ ሙር። እሱም የስታር ትሬክ አድናቂ ነበር። ከድሮው ቀጥሎ የመጣው አዲሱ የስታር ትሬክ ተከታታይ፣ «ዘ ኔክስት ጀነሬሽን»፣ ሲቀረጽ ስቱዲዮ ሊጎበኝ ሄዶ የጻፈውን ስክሪፕት አስነበባቸው። በ1989 ታየለት፣ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ባትልስታር ጋላክቲካ የተባለውን ሌላ የጠፈር ድራማ እንደ አዲስ የሠራው እሱ ነው።

የጻፋችሁት ስክሪፕት እጃችሁ ላይ ካለ ዛሬ ማታ አውጡትና የካፒቴኑን፣ የመርከቧንና የጠላቱን ስም በእስክሪብቶ ሰርዙ። ስታር ትሬክ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ ለአክስታችሁም ቢሆን፣ አስነብቡ። ቀጥሎስ ምን ሆነ ብላ ከጠየቀቻችሁ አዲስ ስም ስጡትና የራሳችሁን ፊልም ሥሩ። ካልጠየቀቻችሁም 15 ደቂቃዋ አለችላችሁ፤ በመመሪያው መሠረት ሥሯትና መብራቱን ተማሩባት።