የያዘኝን እጅ አስለቅቄ ተረፍሁ፤ ራስ ወዳድ ነኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 26 ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ከአብሮ አደጌ ጋር ሳውዲ እንገባለን ብለን ጅቡቲ ዘለቅን፤ ከኦቦክ አካባቢም በሌሊት ጀልባ ላይ ጫኑን። ጀልባዋ ከዐቅሟ በላይ ሰው ይዛ ስለነበር ብዙም ሳትርቅ ተገለበጠች። እኔ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን እጄ ገባና እሱን ያዝሁ። ጓደኛዬ ዋና አያውቅም ነበር፤ ከኋላዬ መጥቶ አንገቴን አነቀኝና ሁለታችንም ሰጠምን። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቄ ወጣሁ፤ ዞር ስል አላየሁትም። ኋላ አንዲት የማላውቃት ልጅ ደርሳ የጀሪካኑን አንድ ጎን ይዛ አደረች፤ ሲነጋ ዓሣ አጥማጆች አወጡን። አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ሰዎች ስለ ባሕር ጉዞ ሲያወሩ “ከዚያ የሚተርፈው ጨካኙ ነው፤ ደጋጎቹ ቀርተዋል” ሲሉ እሰማለሁ፤ ስለ እኔ የሚናገሩ ይመስለኛል። ለመሆኑ ከሞት ለመትረፍ ራስ ወዳድ መሆን ግድ ነውን? ጀሪካኑስ ለሁለታችን ይበቃ ነበር? የጓደኛዬ እናት አንድ ቀን ይደውላል እያሉ ይጠብቃሉ፤ ሲጠይቁኝ “መንገድ ላይ ተለያየን” እላቸዋለሁ። ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ወደ ሰፊው ጥያቄ ከመሄዴ በፊት ስለዚያ እጅ ልናገር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሣዎ እርሱ ይመስለኛልና።

አንገትዎን ያነቀው እጅ የጓደኛዎ ቢሆንም፣ ያን ጊዜ እጁን ያዝዝ የነበረው ጓደኛዎ አልነበረም። እየሰጠመ ያለ ሰው ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይጮኽም፣ እጁን አንሥቶም አይጣራም። አፉ ከውኃው በላይ የሚቆየው ለአፍታ ብቻ ስለሆነ፣ ያቺ አፍታ ለትንፋሽ እንጂ ለንግግር አትተርፈውም። እጆቹ ያለ ፈቃዱ ወደ ጎን ተዘርግተው ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ ከሥራቸው የገባው ግንድም ይሁን ወንድም፣ ተጭኖት ለመውጣት ይታገላል። ሰውየው ፈጽሞ ከመስጠሙ በፊት ይህ ትግል የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ወዳጅን ከባዕድ የሚለይ አሳብ አይኖረውም።

ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት በባሕር ዳርቻ የሚሠሩ ነፍስ አድን ዋናተኞች ናቸው። መጀመሪያ የሚማሩት ዋናን ሳይሆን ርቀትን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፦ የሚሰጥም ሰው ስታይ ከዳር ሆነህ እንጨት አቀብለው፣ ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ወርውርለት፣ ወደ ውኃው መግባትን የመጨረሻ ምርጫህ አድርገው ይባላሉ። ድንገት አንቆ ከያዛቸውም ወደ ታች እንዲጠልቁና ራሳቸውን እንዲያስለቅቁ ይሠለጥናሉ፤ ሰውየው የሚፈልገው አየር ስለሆነ ወደ ታች የሚወርደውን ብዙ ጊዜ ይለቅቃል። ከዚያ ርቀው ይወጣሉ፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ከኋላው ይመጡለታል። እርስዎ በጨለማ፣ ያለ ማንም አስተማሪ ያደረጉት የዚህን ትምህርት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ የቀረው ዞር ሲሉ ስላላዩት ነው። ዞር ማለትዎን ግን ራስዎ ጽፈውልኛል።

ስለ ጀሪካኑ እውነቱን አልሸሽግዎትም፤ መልሱ ራስዎ ዘንድ ስላለ ብሸሽግም አይጠቅምም። በደንብ የተከደነ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያንሳፍፋል፤ አካሉ በውኃ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ አፍና አፍንጫውን ብቻ ከላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ጥቂት ኪሎ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ዝም ብሎ ጎንና ጎኑን ቢይዝ ይበቃል። ነገር ግን ላዩ ላይ ለመውጣት የሚታገል ሰው ሲኖር ለአንድም አይበቃም፤ አንዱ በሌላው አንገት ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ጀሪካኑ ከሁለቱም እጅ ይወጣል። ልዩነቱን ያመጣው የእርስዎ ልብ ሳይሆን ጓደኛዎ የነበረበት ሁኔታ ነው። ለዚህም ምስክሯ ያቺ ልጅ ናት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነክተዋት አለፉ፤ ለእኔ ግን የደብዳቤው ዋና ቃል እርሷ ናት። አንገትዎ ገና ሳይድን፣ ሌላ ሰው ቢጠጋ ምን እንደሚከተል አሁን በገዛ ሥጋዎ እያወቁ፣ የማያውቋትን ሰው አላራቁም። ራስ ወዳድ ሰው ያን ሌሊት ጀሪካኑን ለብቻው ታቅፎ ያድር ነበር።

ወደ ሰፊው ጥያቄ ልምጣ። ራስ ወዳድነት ሰውን አትርፎ አያውቅም ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። በስዊድን ሁለት ተመራማሪዎች 18 የመርከብ አደጋዎችን መርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ አዛዦችና የመርከብ ሠራተኞች ከተሳፋሪዎች ይልቅ፣ ወንዶችም ከሴቶች ይልቅ በብዛት እንደተረፉ አሳይቷል። በእርግጥ ሠራተኛው መርከቡን ማወቁም አንድ ነገር ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. በሰጠመችው ታይታኒክ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፦ ከሴቶቹ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ሲተርፉ ከወንዶቹ የተረፉት ከአምስት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። አዛዡ ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ ብለው ስላዘዙና መኮንኖቹም ትእዛዙን ስላስከበሩ ነው። ከዚህ የምረዳው መትረፍ በአብዛኛው በተራው ተሳፋሪ ጠባይ ላይ የተመሠረተ እንዳልሆነ ነው፤ በሥፍራው ሥርዓት የሚያስይዝ ሰው መኖር አለመኖሩ ይበልጣል። የእርስዎን ጀልባ የጫኑት ሰዎች ሥርዓት ሊያስይዙ ቀርቶ ስንት ሰው እንደጫኑም ግድ አልነበራቸውም። ስለ ራስ ወዳድነት ከተነሣ ጥያቄው መጀመሪያ ወደ እነርሱ ይሂድ።

አደጋው ከደቂቃ ወደ ቀናት ሲረዝም ደግሞ ራስ ወዳድነት ራሱ ገዳይ ይሆናል። በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. በቺሊ አታካማ በረሃ የሳን ሆሴ ማዕድን ጉድጓድ ተደርምሶ 33 ሠራተኞች 700 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሲቀበሩ፣ በመጠለያው የነበረው ምግብ ለሁለት ቀን ያህል ብቻ የተሰናዳ ነበር። እነርሱ ግን በየ48 ሰዓቱ ሁለት ማንኪያ ቱና፣ ጥቂት ወተትና ብስኩት እየተካፈሉ፣ ከላይ የሚቆፍሩት ሰዎች እስኪያገኟቸው ድረስ 17 ቀን ቆዩ። በ69ኛው ቀን 33ቱም በሕይወት ወጡ። ከመካከላቸው ጉልበተኛው ሣጥኑን ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ምናልባት እርሱም ያን ያህል ቀን ባልቆየ ነበር፤ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ 32 የተራቡ ሰዎችን ጠላት አድርጎ የሚተኛ ሰው የለምና።

በእኛው አየር መንገድ የደረሰውንም ላንሣ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የበረራ ቁጥር 961 አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ውኃ ላይ ሲያርፍ፣ ከተሳፈሩት 175 ሰዎች የተረፉት 50 ናቸው። ካፒቴን ልዑል አባተ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያላችሁ አትንፉ ብለው አስጠንቅቀው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ያልተሰማቸው ወይም ያልገባቸው ብዙ ሰዎች ግን ቀድመው ነፉት። ውኃው ሲገባ ሰደርያው ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸውና ጠልቀው ወደ በሩ መድረስ ሳይችሉ ቀሩ። እነዚያን ሰዎች ራስ ወዳድ የሚላቸው ማን ነው? በተረፉትስ ላይ ደግነት ጎድሏቸዋል ብሎ ማን ሊፈርድባቸው ይችላል? በሞትና በሕይወት መካከል ያለው መስመር በጠባይ ላይ አልተሰመረም።

ጎረቤቶችዎ ደጋጎች ይሞታሉ ሲሉ ግን ፍጹም አልተሳሳቱም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ቤቶችን ሲቀብር፣ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ተሰብስበው ሲቆፍሩ የነበሩ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተዋጡ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ነበር። ያን መንደር ሳስብ እስካሁን ልቤ ይሰበራል። ሆኖም በማግሥቱ በባዶ እጃቸው መሬቱን ሲፈትሹ የዋሉት በሕይወት ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከሞቱት ያነሰ ደግነት ነበራቸው የሚል ሰው እዚያ ቦታ ያልነበረ ነው።

አሁን ሳይጠይቁ የጠየቁኝን ልመልስ። በባሕሩ ላይ በሠሩት ራስ ወዳድነት አላየሁም። እኒያን እናት በተስፋ ማስቀመጥዎ ግን ያሳስበኛል። ዝምታዎ ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት እንደመጣ አምናለሁ፤ ቢሆንም ሥቃዩን እየተቀበሉ ያሉት እርሳቸው ናቸው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ይነሣሉ። ለቅሶ አልተቀመጡም፣ አልተጽናኑም፣ በሃይማኖታቸው ለሟች የሚደረገውም አልተደረገለትም። እውነቱን ሊነግራቸው የሚችል ከእርስዎ በቀር ሌላ ሰው የለም።

ብቻዎን አይሂዱ። አስቀድመው ከጓደኛዎ ወገን አንድ የሚያከብሩትን አጎት ወይም የአገር ሽማግሌ ያነጋግሩ፤ ለእርሱ ስለ አንገትዎና ስለ ጣቶቹ ጭምር ሁሉንም ሳያስቀሩ ይንገሩት። መርዶውን ማን እንደሚያረዳና በየትኛው ቀን እንደሚሆን እንደ አካባቢያችሁ ልማድ ሽማግሌዎቹ ይወስናሉ፤ ዘመድና ጎረቤት ማለዳ ተሰብስቦ ሲገባ እርስዎም አብረው ይግቡ። ለእናቱ በመጀመሪያው ቀን የሚበቃቸው ሌሊቱን፣ ቦታውን፣ ብዙ አለመንገላታቱንና ብቻውን አለመሆኑን ማወቅ ነው። በኋላ ስለ መጨረሻይቱ ደቂቃ ራሳቸው ከጠየቁ ግን አይዋሹ፤ ከላይ የጻፍሁትን ስለ ሰጣሚ ሰው እጅ ያስረዷቸው። ሌሊቱ በሕልምዎ እየተመላለሰ የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ ሐኪም ቤት ሄደው የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ያነጋግሩ። ከጉዞው በፊት አብራችሁ የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ወይም የእርሱ የሆነ ማናቸውም ዕቃ እጅዎ ላይ ቀርቶ ከሆነም፣ አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ስለሆነ ይዘውላቸው ይሂዱ።