የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጀልባ ቤት ሲሆን

በዚህ ወር ከደሴ፣ ከሐይቅና ከኮምቦልቻ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ጀልባ የሚጠይቁ ናቸው። እንግሊዝ አገር ሳለሁ ሰባት ዓመት በጠባብ ጀልባ ላይ ስለኖርሁ፣ ሞተሩንም ሆነ የብረት አካሉን በገዛ እጄ ስጠግን ስለቆየሁ፣ አዘጋጁ መልሱን እንድጽፍ ጠይቆኛል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። የምጽፈው ከደሴ ነው። የመጨረሻው ልጄ እንግሊዝ አገር ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በጀልባ ላይ እንደሚኖር ሲነግረኝ ቤት አጥቶ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አሁን ቪዛው ስለተሳካልኝ በእነርሱ በጋ በቦይና በወንዝ ላይ አዞርሻለሁ ይለኛል። እኔ ግን ውኃውንም ብርዱንም እፈራለሁ። ለውዱእ የሚሆን ውኃስ ይኖራል? ከሰል ማንደጃዬን፣ ጀበናዬንና ሉባንጃዬን ይዤ ብሄድስ?

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም፣ እናቴ። አብሽሩ፤ በእንግሊዝ አገር በጀልባ መኖር ጎዳና መውደቅ ማለት አይደለም። የቤት ኪራይ መወደድ ብዙ ሰዎችን ወደ ውኃው እንደገፋ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ጀልባው ፈቃድ የሚወጣለት፣ መድን የሚገባለት፣ በየ4 ዓመቱም የደኅንነት ምርመራ የሚደረግለት ንብረት ነው። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የሌለው ባለ ጀልባ በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግ ስለሚያስገድድ፣ ልጅዎ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነኝ ቢልዎት ሕጉን አክብሮ እንደሆነ ይረዱለት።

የጀልባው ስፋት 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ርዝመቱ እስከ 22 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይህን ያህል የጠበበው ጄምስ ብሪንድሊ የተባለው መሐንዲስ በ1760ዎቹ ያስቆፈራቸው ቦዮች ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የውኃ በሮቻቸው ጠባብ ስለነበሩ ነው፤ ያን ጊዜ ጀልባው ድንጋይ ከሰልና የሸክላ አፈር ጭኖ በፈረስ ይጎተት ነበር። ዛሬ ጭነቱ በነበረበት ቦታ መኝታ፣ ማብሰያ፣ መታጠቢያና ምድጃ እንደ አውቶቡስ ወንበሮች በተርታ ተደርድረው ያገኛሉ። ውኃው በጥቂት መቶ ሊትር በሚለካ ጋን ውስጥ ይጠራቀምና በቦዩ ዳር ከሚገኙ ቧንቧዎች ይሞላል፤ በቁጠባ ከያዙት ለውዱእ አያንስዎትም። ቂብላውም ከዚያ አገር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ቦዩ ስለሚጠማዘዝ ግን ጀልባው ከታሰረ በኋላ አቅጣጫውን እንደገና ያረጋግጡ።

ከሰል ማንደጃዎን ግን፣ እለምንዎታለሁ፣ ደሴ ይተዉት። በክረምት ቁር በራቸውን ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ጠባብ ጀልባ ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጠው በጥንቃቄ የተደፈነ የብረት ሣጥን ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ያደክመዋል፣ ከዚያም ይገድለዋል። አመድ የለበሰና የጠፋ የሚመስል ፍምም መርዙን ማውጣቱን አያቆምም። በዚህ ምክንያት ሰው የሚያድርባቸው ጀልባዎች ሁሉ የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያ እንዲገጥሙ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2019 ወዲህ በደኅንነት ምርመራው ይጠየቃሉ። ገና እንደገቡ ልጅዎን “ማስጠንቀቂያው የት ነው? ባትሪውስ ይሠራል?” ብለው ይጠይቁልኝ፤ ቁልፉን ተጭኖ ድምፁን ያሰማዎት። ቡናውን በጋዝ ምድጃው ላይ መስኮት ከፍተው ይቁሉት፤ ዱዓውንና ሉባንጃውን ደግሞ ጀልባው ታስሮ ሳለ በዳርቻው ሣር ላይ ያድርጉት። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሽታውን ተከትሎ ይቆም ነበር።

ስለ ጋዙም አንድ ነገር ልጨምር። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በቤት ውስጥ በበር ሥር ይወጣል፤ በጀልባ ግን ወለሉ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ማፍሰሻ ቀዳዳ ባለው የራሱ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ሽታ ከመጣ ሲሊንደሩን መዝጋት፣ ክብሪትም ሆነ ማብሪያ ሳይነኩ ወደ ውጭ መውጣት ያስፈልጋል። በጣሪያውና በበሩ ላይ ያሉትን የአየር ማስገቢያዎችም ብርድ ገባ ብለው በጨርቅ አይወትፏቸው።

ጉዞው ቀስ ያለ ነው። በቦዩ ላይ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ከደሴ እስከ ሐይቅ የሚያህለውን መንገድ በዚያ ሂሳብ ግማሽ ቀን ገደማ ይጓዙታል። የሚያሳስበኝ የውኃ በሩ ነው። ይህ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ሲሆን፣ ውኃው ሲለቀቅ ጀልባውን ይዞ ይወርዳል፣ ሲሞላም ያነሣዋል። በላይኛው በር ሥር ወደ ገንዳው የወጣ የድንጋይ ደፍ አለ፤ በመውረድ ጊዜ የጀልባው ኋላ በዚያ ደፍ ላይ ከተንጠለጠለ ፊቱ ይዘቀዘቅና በደቂቃዎች ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ልጅዎ ጀልባውን በገንዳው ግድግዳ ላይ ከተሰመረው ምልክት አሳልፎ ወደ ፊት መያዙን ያያሉ። እርስዎ በዚያን ጊዜ ዳር ላይ ቆመው ቢመለከቱ እመርጣለሁ። በጀልባው ላይ ከቆዩም እጅዎን ወይም እግርዎን በጀልባውና በግድግዳው መካከል አያስገቡ፤ ከ15 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት በእግር ገፍቶ የሚያቆመው ሰው የለም።

ቦዩ የቆመ ውኃ ነው፤ ወንዝ ግን ይሄዳል። ከኦክስፎርድ ቦይ ወጥታችሁ ወደ ቴምዝ የምትገቡ ከሆነ ልጅዎ መልሕቁን ከገመዱ ጋር አዘጋጅቶ፣ ሁላችሁም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሳችሁ መሆን አለበት። በቴምዝ የውኃ በሮች ላይ ቀይ ሰሌዳ ከተሰቀለ ወራጁ ስለበረታ ጉዞው ይቅር። አንድ ቀን ቢዘገዩ ምንም አይጎድልብዎትም።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ከተማ ነን። አምስት ሆነን በማኅበር የገዛናት የብረት ጀልባ እንግዶችን በሐይቁ ላይ ታመላልሳለች። የውኃ መግፊያውን የሚያዞረው ሻፍት ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ ውጭ በሚወጣበት ቦታ ውኃ ታስገባለች። በዚያ ያሉትን ዳዶዎች በየሳምንቱ እናጠብቃለን፤ ሻፍቱ የሚያልፍበት ቱቦ እስኪያቃጥል ይግላል፣ ውኃው ግን አልቆመም። አንድ በያጅ ደግሞ ሆዷ ስለሳሳ ላሜራ ይደረብባት ብሎናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ማጥበቁን ዛሬውኑ አቁሙ። በዚያ ቱቦ ውስጥ ሻፍቱን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ በግራሶ የራሰ የተገመደ ፓኪንግ አለ፤ እርሱም በውኃና በግራሶ እየረጠበ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ማንጠባጠቡ ጤና ነው። ጠብታዋን ጨርሶ ለማድረቅ ብላችሁ ስታጠብቁት ግን ፓኪንጉ ያለ ርጥበት ይፈተጋል፣ ይግላል፣ ይደነድናል፤ ከደነደነ በኋላ ሻፍቱን እየፋቀ ቦይ ያወጣበታል፣ ውኃውም በዚያ ቦይ ይገባል። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ይህንኑ ስሕተት ፈጽሜ ሻፍት አስቀይሬአለሁ።

አሁን የሚያስፈልጋችሁ ፓኪንጉን መቀየር ነው። አሮጌውን ሲያወጡት ውኃ ስለሚገባ ጀልባዋን ወደ ደረቅ መሬት አውጧት። አሮጌውን እስከ መጨረሻው ቀለበት ድረስ ለቅማችሁ አውጡ፤ ሻፍቱን በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለበት ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ። አዲሱን ፓኪንግ በሻፍቱ ውፍረት ልክ በቀለበት በቀለበት ቁረጡት፤ መገጣጠሚያዎቹ በአንድ መስመር እንዳይውሉ እያዞራችሁ አስገቡት። ሁለቱን ዳዶዎች በእጅ ካጠበቃችሁ በኋላ በቁልፍ እኩል እኩል፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ባነሰ ልክ ብቻ ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ከሄዳችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቱቦውን ዳስሱ፦ ለብ ማለቱ መልካም ነው፤ እጅ የሚያስነሣ ከሆነ ላሉት። በየቀኑ ማታ ግራሶ መስጫውን አንድ ዙር ማዞርን ልማድ አድርጉት። ይህ ሁሉ ሆኖ ፓኪንጉ በወር ውስጥ ካለቀ ሞተሩና ሻፍቱ በአንድ መስመር አልተቀመጡም ማለት ነውና የሞተሩን መቀመጫዎች አስመርምሩ።

ላሜራ መደረቡን በተመለከተ አትቸኩሉ። በእንግሊዝ ጠባብ ጀልባ ብዙውን ጊዜ ወለሉ 10፣ ጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይሠራል፤ መድን ሰጪዎች የሚሠጉት ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ነው። የእናንተ ጀልባ መጀመሪያ በስንት ሚሊ ሜትር ላሜራ እንደተሠራች አጣሩ፤ ከዚያም በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ፈልጋችሁ በብዙ ነጥብ ላይ አስለኳት። መሣሪያው እስኪገኝ በትንሽ መዶሻ እየነካካችሁ ድምፁን አዳምጡ፤ ደኅናው ብረት ይጮኻል፣ የተበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ላሜራ መደረብ ክብደት ስለሚጨምር ጀልባዋን ዝቅ ያደርጋታል፤ በጎኗ ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ወደ ውኃው ይቀርባሉ፣ የምትጭኑት ሰው ቁጥርም መቀነስ ይኖርበታል። ይህን የማይነግራችሁ በያጅ ሥራውን በግማሽ ነው የሚያውቀው።

የሳሳው ጥቂት ቦታ ብቻ ሆኖ ውፍረቱም በቂ ከሆነ፣ ዝገቱን በብረት ብሩሽ እስኪያበራ ፍቃችሁ፣ አጥባችሁና አድርቃችሁ ሬንጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቧት፤ ይህንንም በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ድገሙት። ዝገቱ ብረቷን ትቶ እርሱን እንዲበላ የማግኒዚየም ቁራጭ ከውኃ በታች ይበየድላት። ዚንኩ ለባሕር ውኃ ነው፤ በእናንተ ሐይቅ ብዙም አይረዳም። ቁራጩን ደግሞ ሬንጅ አትቀቡት፣ ከተቀባ አይሠራም።

አሁን ከሁሉ በላይ የማስበውን ልናገር። ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውኃ ነው፤ ከአርድቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ በኩል ውኃ ይቀበላል፣ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ግን የለውም። በጀልባዋ ሆድ ከተጠራቀመው ውኃ ጋር የምታፈስሱት ናፍጣና ዘይት የትም አይሄድም፤ ዓሣው፣ ከብቱና የዳርቻው ሰው ይጋሩታል። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር ላለው ውኃ ለብቻው መያዣ አብጁለት፤ በጨርቅ መጥጣችሁ ወደ ጀሪካን ቅዱት፣ ወደ መሬትም ይዛችሁት ውጡ። የሬንጅ ሥራውም ከዳርቻው ራቅ ብሎ ይሁን። ውኃውን ካላከበራችሁ ጀልባዋን ጠግናችኋል አልልም።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ወጣት ነኝ። ጠባብ ጀልባ ሠርቼ በቦርከና ላይ እስከ ከሚሴ መጓዝ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ እንዳትሞክረው። ቦርከና በበጋ እግር የማያረጥብበት ቦታ አለው፤ በክረምት ደግሞ ከተራራው ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ በድንገት ይሞላል። ጠባብ ጀልባ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ረጅም ስለሆነ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ የረጋ ውኃ ይሻል፤ በወራጅ ላይ ጎኑን ከሰጠ ይገለበጣል። እንግሊዞችም ቢሆኑ በርካታ ኮረብታዎቻቸውን ያለፉት ቦይ ቆፍረው፣ በውኃ በር ደረጃ በደረጃ ከፍለው፣ ቦዩን የሚመግብ ግድብ ሠርተው ነው። ፍላጎትህ እውነተኛ ከሆነ ሐይቅ ሂድና ከላይ ደብዳቤ የጻፉልንን ወጣቶች የመሰሉ ባለ ጀልባዎችን ፓኪንግ ሲቀይሩ አግዛቸው፤ መቅዘፉንም ነፋሱ ሳይነሣ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሰደርያህን ለብሰህ ተለማመድ።