ማኪያቶ፣ ሻይና ታክስ፦ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ስለ ወር ወጪና ስለ ታክስ ያላችሁን ጠይቁኝ፤ ዛሬ እስኪመሽ አለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደመወዜ ከ14,000 ወደ 15,000 ሊያድግ ነው። 35 በመቶ ከሚቆረጥብኝ የድሮው አይሻለኝም?

መልስ፦ አይሻልህም። 35 በመቶው የሚቆረጠው ከ14,000 በላይ ካለችው 1,000 ብር ላይ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው፤ ከዚያ በየእርከኑ ይጨምራል። በ14,000 የምትከፍለው 2,850 ነበር፣ አሁን 3,200 ይሆናል። እድገቱን ተቀበል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ነው የምሠራው፣ ማኪያቶ እወዳለሁ። ታክሱ ማኪያቶ ላይ ቢጣል ወይም ያው ብር በቀጥታ ቢወሰድብኝ ለእኔ ልዩነት አለው?

መልስ፦ በጣም አለው፤ ይሄን ጥያቄ ስለወደድኩት ረዘም አድርጌ ልመልስ። ለቡና ቤት በወር 600 ብር መድበሻል እንበል። ማኪያቶ 60፣ ሻይ 20 ቢሆን (ዋጋው ለምሳሌ ነው) 6 ማኪያቶና 12 ሻይ ትጠጫለሽ። ማኪያቶ ላይ 20 ብር ታክስ ሲጨመር አንዱ ማኪያቶ ሦስት ሻይ ያስቀር የነበረው አራት ያስቀራል። ስለዚህ ወደ ሻይ ታዘነብያለሽ፦ 3 ማኪያቶ፣ 18 ሻይ። መንግሥት 60 ብር አገኘ።

አሁን ዋጋው እንደ ድሮው ይሁንና 60 ብሩ በቀጥታ ይወሰድ። በቀረሽ 540 ያንኑ 3 ማኪያቶና 18 ሻይ መግዛት ትችያለሽ። ከፈለግሽ ግን 4 ማኪያቶና 15 ሻይም ይደርስሻል። መንግሥት ያገኘው እኩል ነው፣ የአንቺ ምርጫ ግን ሰፋ። የመጀመሪያው ታክስ ብርሽን ብቻ ሳይሆን ምርጫሽንም አጣሞታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉም ሰው እኩል 60 ብር ለምን አይከፍልም?

መልስ፦ ለሊስትሮውና ለባለ ሕንፃው 60 ብር አንድ ስላልሆነች።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረተኛ ነኝ። ቫት ለሀብታሙም ለእኔም 15 በመቶ ነው። እኩል አይደለም?

መልስ፦ ደረሰኙ ላይ እኩል ነው አባቴ፣ ኑሮ ላይ አይደለም። 5,000 የሚያገኝ ሰው ቫት ባለበት ዕቃ 4,600 ቢያወጣ 600ው ቫት ነው፤ ከገቢው 12 በመቶ። 50,000 የሚያገኝ 23,000 አውጥቶ ሌላውን ቢቆጥብ 3,000 ይከፍላል፤ 6 በመቶ። ከቫት ነፃ የሆኑ ነገሮች ዝርዝር ሲነካ የምቆጨው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሱቅ አለኝ። ታክስ ሲጨመር ሸክሙ የማን ነው፣ የእኔ ወይስ የገዢው?

መልስ፦ መሸሽ ያልቻለው ይሸከመዋል። ጨው ላይ ቢጣል ገዢው ምትክ ስለሌለው ጭማሪውን ይከፍላል። ከአምስት ዓይነት ጫማ በአንዱ ላይ ብቻ ቢጣል ግን ደንበኛህ ወደ ሌላው ይዞራል፣ አንተም አብዛኛውን ከትርፍህ ትከፍላለህ። የምትሸጠውን ንገረኝ፣ አብረን እናየዋለን።